እናቲቱን ብቻ

ከጎንደር ተነስቶ የደባርቅን መንገድ የያዘ ሰው ኮሶዬ ሲደርስ ሁለት ነገር ይቀበለው ነበር፤ አንደኛው ብርዱ፣ ሁለተኛው የአያ የሻው ስም። ማር ፈላጊ ወደ እሱ ይመራል። መንጋ ንብ ዛፍ ላይ ሰፍሮ ያየ ሰው ሮጦ እሱን ይጠራል። ልጁ ተነድፎ ዓይኑ የተደፈነበት አባትም ያንኑ ስም ያነሳል፣ በምርቃት ግን አይደለም። ጣሊያን ከወጣ ወዲህ በአገሩ ብዙ ነገር ተለዋውጧል፤ የአያ የሻው ቀፎዎች ግን ከቤቱ ጀርባ፣ ነፋስ በማያገኘው የድንጋይ ካብ ሥር፣ አባቱ ባስቀመጧቸው ቦታ እንደተደረደሩ ነበሩ።

ሰውየው ዝምተኛ ነው። ቃል ከአፉ የሚወጣው ወፍራም ማር ከቅል እንደሚወርደው ቀስ ብሎ ነው። ሚስቱ ወለላ ትባላለች፤ ጎረቤቱ ሁሉ «ያገባት ስሟን ሰምቶ ነው፤ መልኳንማ ከሠርጉ በኋላ ነው ያየው» እያለ ያሾፍባቸዋል። እሷም አትቀየምም። «ስሜን ባይወድልኝ ኖሮ ከንቦቹ ጋር ነበር የሚያድር» ትላለች። ልጅ አልወለዱም። የአያ የሻው እህት ብርነሽ ስትሞት ግን ጡት ያልጣለ ልጅ ትታ ነበርና፣ ወለላ ወስዳ በጉያዋ አሳደገችው። ስሙ ስማቸው ነው።

ስማቸው በዚያ ቤት ምን እንደነበረ ለማወቅ አገባቡን ማየት ይበቃል። ሌላው ሰው ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል፤ ከውስጥም «ቤት ለእንግዳ!» ይባላል፤ ያን ጊዜ ጎንበስ ብሎ ይገባል። ስማቸው ግን አይጣራም፣ አይጠብቅም፤ በሩን ገፋ አድርጎ ቀጥ ብሎ ጓዳ ነው። ድስቱን ከፍቶ ያያል፣ ቅሉን ያነሳል፣ «እቴቴ፣ ምን አለ?» የሚለው አፉ ከሞላ በኋላ ነው። ጎንደር ተምሮ፣ ሱሪ ታጥቆ፣ ቦርሳ አንጠልጥሎ መምጣት ከጀመረ በኋላም ይህን አመሉን አልተወም። ወለላም ከጓዳ የድስት ክዳን ሲንኳኳ በሰማች ቁጥር ልቧ ቅቤ ይጠጣ ነበር።

አያ የሻው ደግሞ ልጁን ከንቦቹ እኩል ይወደው ነበር። ለእሱ ከዚያ በላይ መውደድ የለም።

ስለ ንቦቹ አንድ ነገር ሳይነገር ቢታለፍ የሚከተለው አይገባም። መንጋ ሲወጣ አያ የሻው ከሥር ከሥሩ እየሮጠ አፈር ይበትናል፣ ያፏጫል። መንጋው ቅርንጫፍ ላይ ሲሰፍር ባዶ እጁን ሰዶ አውራውን ከመሐል ፈልጎ ያወጣዋል። አውራው ከሌሎቹ ይረዝማል፣ ወገቡ ሸንቀጥ ያለ ነው፣ እንደ ሌላው ንብ አይቅበዘበዝም። በሸምበቆ ቁራጭ ከትቶ፣ አፉን በሣር ወትፎ፣ ባዶ ቀፎ ላይ ያስረዋል፤ መንጋው በሙሉ ተከትሎ ይገባል። በኮሶዬ አውራ ወንድ ነው። ማን ይጠራጠራል? ሕዝብ ይመራል፣ አጀብ አለው፣ የሞተ ዕለት ቤቱ ይበተናል። ዛሬ አራተኛ ክፍል የደረሰ ሁሉ እናት መሆኗን፣ እንቁላሉን ሁሉ የምትጥለው እሷ ብቻ መሆኗን ያውቃልና ይስቅ ይሆናል። ይሳቅ! ያን ጊዜ አውራን «እሷ» ብሎ የጠራ ሰው በዚያ አገር አልነበረም።

የአያ የሻው አባት በሞት አልጋቸው ላይ ሆነው የተናዘዙትም ስለዚሁ ነበር። «ማሩን ለፈለገ ስጥ። ሰሙን ለጊዮርጊስ ስጥ። አውራውን ግን ለማንም እንዳትሰጥ» አሉት። የደብሩ የጊዮርጊስ ጧፍ የሚሠራው ከዚያ ቤት በሚወጣው ሰም ነበርና፣ አያ የሻው ቀፎዎቹን የሚያያቸው እንደ ግል ከብት ብቻ አልነበረም። የአባት አደራም ናቸው፣ የታቦትም ናቸው።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ስማቸው ጎንደር ከተማ ውስጥ ለአንድ ፈረንጅ ዶክተር አስተርጓሚ ሆኖ ተቀጠረ። ዶክተር ሲባል መርፌ የሚወጋ አይምሰላችሁ። ይኼኛው የሚያጠናው ነፍሳትን ነው። ጣሊያን ትቶት የሄደ አንድ ቪላ ተከራይቶ፣ ዝንቡንም ብሉንም በጠርሙስ እየሞላ፣ የወላጅ ጠባይ ወደ ልጅ እንዴት እንደሚወርድ ይመረምራል። በዚያው ሰሞን ሌሎች ፈረንጆችም የነገሥታቱን ግንብ ግድግዳ በትንሽ ብሩሽ እየጠረጉ ኖራው ከምን እንደተቦካ ያጠኑ ነበር። የፒያሳ ወሬኛ ይህን ሁሉ እያየ «አገራቸው ሥራ የለም መሰል» ይል ነበር።

ዶክተሩ ልቡን የጣለው የደጋ ንብ ላይ ነው። የኮሶዬ ንብ ጠቆር ያለች፣ ውርጭ የምትችል ናት። ይህ ጠባይ በዘር የሚወርድ ከሆነ ወደ አገሩ ወስዶ ከሌላ ዘር ጋር ሊያዳቅላት ፈለገ። ስማቸውም «የኔ አያ ዘንድ ሞልቶልሃል» አለው።

ኅዳር ላይ፣ ማር ተቆርጦ ባበቃ ሰሞን፣ ላንድሮቨሯ እየተንገጫገጨች ኮሶዬ መጣች። ስማቸው እንደ ልማዱ በጓዳ በኩል ዞሮ አንዲት የማር እንጀራ ይዞ ብቅ አለ። ዶክተሩ መደብ ላይ አጎዛ ተነጥፎለት ተቀመጠ። የአያ የሻው የነፍስ አባት አባ ወልደኢየሱስም፣ ፈረንጅ መጣ ሲባል ቤታቸው አላስቀምጣቸው ብሎ፣ አጠገቡ ተሰይመዋል። ዶክተሩ ረጅም ነገር ተናገረ። እጁን ያወናጭፋል፣ ጣቱን ያስረዝማል፣ እንደገና ይጀምራል። ሲጨርስ ስማቸው ወደ አጎቱ ዞረ።

«አያ፣ ከየቀፎው አንዳንድ ንብ ስጠኝ ነው የሚልህ።»

«ምነው፣ ያ ሁሉ ወሬ ይችን ብቻ ነው?» አለች ወለላ ከጓዳ። ሁሉም ሳቁ። ጥያቄዋ ግን መልስ የሚገባው ጥያቄ ነበር።

«የቱን ዓይነት ንብ ነው የሚፈልግ?» አለ አያ የሻው።

«እናቲቱን።»

«የማንን እናት?»

«የንቦቹን እናት ነዋ። እናቲቱን ብቻ።»

አያ የሻው አሰበ። ዕድሜውን ሙሉ ከንብ ጋር ኖሮ የንብ እናት ተብላ የተለየች አላጋጠመችውም። የሚወልዱ እንዳሉ ያውቃል፣ ግን ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል ማን ለይቶ ያያል? አንዲት ወላድ ብትሄድ ሌሎቹ ይወልዳሉ። «ፈልጎ ካገኛት ይውሰዳት» አለ። «አውራውን ግን እንዳይነካብኝ። ንገረው።»

ስማቸው በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ተናገረ። ዶክተሩ ዓይኑን ከአያ የሻው ላይ ሳይነቅል ደጋግሞ ጠየቀው፤ ስማቸውም ራሱን በአዎንታ እየነቀነቀ መለሰለት። ያ ጥያቄ ምን ነበር ብሎ በዚያች ሰዓት የጠየቀ ሰው የለም። አያ የሻው ግን ነገሩ እንዲጠብቅለት ፈለገ። «ልጄ፣ ማልልኝ» አለው።

«ሸጋ ነው፣ ይማል» አሉ አባ ወልደኢየሱስ።

ስማቸው ከተቀመጠበት ተነሳ። «ጊዮርጊስን! ወንድ የሆነ አውራ ንብ አንድም አንነካም!»

አያ የሻው ልቡ አረፈ። ወለላም ጠላ ቀዳች። የሚቀረው ቀን መቁረጥ ነበር፤ ስማቸው ማኪናዋ የምትገኘው ለጥር ጊዮርጊስ ነው አለ።

«ምነው፣ እኔ እኮ ያን ዕለት ደብር ነኝ። ጧፉን ይዤ ከታቦቱ ፊት የምሄደው እኔ አይደለሁም?»

«አንተ ምን ትደክማለህ አያ? እኔ አለሁ አይደል?»

ይህን ያለው እሱ ራሱ ቀፎ አከፋፈት ያስተማረው፣ እጁን ይዞ ጭስ አያያዝ ያሳየው፣ ሲነደፍ መርዙን በጥፍሩ ያወጣለት ልጅ ነው። ደግሞስ ሌላ ማን ይታመናል?

የጥር ጊዮርጊስ ዕለት አያ የሻው በነጭ ጋቢው ደምቆ፣ ከራሱ ሰም የተሠራውን ጧፍ ይዞ፣ ከታቦቱ ፊት ሄደ። ወለላም እልል ስትል ዋለች። ሲመለሱ ላንድሮቨሯ የለችም። ቀፎዎቹ በወጉ ተከድነዋል፣ ክዳናቸው ዙሪያውን በእበት ተመርጓል። አያ የሻው በእጁ ዳሰስ ዳሰስ አድርጎ «ጎሽ የኔ ልጅ፣ ሙያዬን አልረሳም» አለና ገባ።

በማግስቱ ጠዋት ድምፁን ሰማ።

ንብ አውራው ሲሞት ያለቅሳል። ንብ አርቢ ያልሆነ ሰው አይለየውም፤ ለእሱ ሁሉም «እምምም» ነው። አያ የሻው ግን ጆሮውን ቀፎው ላይ ሲያስጠጋ የሰማው ለቅሶ ነበር። አንዱን ከፈተ። እንጀራውን አንድ በአንድ እያገላበጠ ፈለገ። አውራው የለም። ደንግጦ ወጥቶ ይሆናል ብሎ ሌላውን ከፈተ። የለም። ሦስተኛውንም ከፈተ። ከዚያ በኋላ መክፈቱን ትቶ እየዞረ ያዳምጥ ጀመር፤ ከካቡ ጫፍ እስከ ካቡ ጫፍ ለቅሶ ነበር።

በመስከረም ቢሆን፣ አበባ ባለበት ጊዜ ቢሆን፣ ንቦቹ ሌላ አውራ ያሳድጉ ነበር። በጥር ውርጭ ግን ቀፎ ውስጥ ልጅ የለም፣ ከምን ያሳድጉ? ግማሾቹ ተነስተው የት እንደደረሱ ሳይታወቅ ጠፉ። የቀሩት ደግሞ ሙቀታቸው እያነሰ፣ ቁጥራቸው እየሳሳ፣ ጠዋት ጠዋት ከቀፎው አፍ ሥር ረግፈው ይገኙ ጀመር። ወለላ በመጥረጊያ እየጠረገች በእንቅብ ታነሳቸው ነበር።

አያ የሻው ያን ሁሉ እያየ የሚጨነቀው ለንቦቹ ብቻ አልነበረም። አንድ ጥያቄ አልለቅ አለው፤ ስማቸው ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም? «ልጁ አያውቅም» ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው። «ፈረንጁ ነው ያታለለው። ስማቸው ጀርባውን ሲሰጥ አውራውን እየለቀመ ከቦርሳው ከተተ። እሱማ ምሎልኛል።»

«ምሏል» ትላለች ወለላ። ከዚህ የበለጠ አትልም።

«የኮሶዬ ልጅ አይደለም እንዴ? አውራ ምን እንደሆነ አጥቶት ነው?» ይላል እሱ።

«አላጣውም» ትላለች ወለላ፣ መጥረጊያዋን አስቀምጣ።

በመጨረሻ አላስችል አለውና በጭነት ማኪና ተሳፍሮ ጎንደር ወረደ። መንገዱን ሙሉ የሚያስበው ልጁ ሲሰማ እንዴት እንደሚደነግጥ ነበር። ከፈረንጁ ጋር ሲጣላለት ይታየዋል። «አያዬን አታለልኸው?» ብሎ ቦርሳውን ሲወረውርለት ይታየዋል። ቪላው በር ላይ ሲደርስ ስማቸው የለም ተባለ፤ ዶክተሩ ግን በመስኮት አይቶት እየሮጠ ወጣ። ሰውየው ደስታውን የሚያደርግበት አጣ። እጁን በሁለት እጁ ጨበጠው፣ እየጎተተ አስገባው፣ ግድግዳው መስታወት ከሆነ አንድ ሳጥን ፊት አቆመው። በውስጡ ጥቂት ንቦች ከማር እንጀራ ላይ ይርመሰመሳሉ። እነሱን አያ የሻው በየትም ያውቃቸዋል፤ የእሱ ጠቋቁር ናቸው። በመሐላቸው ወገበ ሸንቃጣው፣ የማይቅበዘበዘው፣ በአጀብ የሚሄደው አለ።

ዶክተሩ በጣቱ አመለከተና፣ ልጅ የተማረውን ፊደል ለአባቱ እንደሚያሳይ፣ በኩራት «አውራ!» አለ። «አውራ! አውራ!»

አያ የሻው ቀና ብሎ አየው። ዶክተሩ ደግሞ የሚያጎላ መስታወት አቀበለውና ወደ ሳጥኑ መለሰው። አውራው ጭራውን ከማር እንጀራው አንዲት ባዶ ጎጆ ውስጥ ከተተ፣ ቆየት አለ፣ አወጣ። ከጎጆዋ ሥር የሩዝ ቅንጣት የምታህል ነጭ ነገር ቀረች። ወደሚቀጥለው ጎጆ ሄደ። አሁንም ነጭ ነገር። እየሄደች ትጥላለች። እሷ ናት። አያ የሻው እስከዚያች ቀን በእጁ የያዛቸው አውራዎች ሁሉ እናቶች ነበሩ። ለጥቂት ጊዜ ንዴቱንም ረሳው፣ «ኧረ ጊዮርጊስ!» ብሎ ሊስቅ ምንም አልቀረው። አባቱ በሕይወት ቢኖሩና ቢያሳያቸው ብሎ ተመኘ።

ከዚያ ያቺ ቃል ተመልሳ መጣችበት። ፈረንጁ ከአማርኛ ሁሉ ይህችን ቃል ማን አስተማረው? ይህችን ንብ እያሳየ «የኮሶዬ ሰው አውራ የሚላት እሷን ነው» ያለው ማን ነው? ዶክተሩ እናቲቱና አውራው አንድ መሆናቸውን ያውቃል። ካወቀም የነገረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ለፈረንጁ «አውራ» እያለ፣ ለአጎቱ «እናቲቱን ብቻ» ብሏል። መሐላውም ትዝ አለው። «ወንድ የሆነ አውራ።» ያን ዕለት ይህቺ «ወንድ የሆነ» የምትባል ነገር ምን ልትሠራ ገባች ብሎ አልጠየቀም። ለካ ልጁ የመሐላውን መውጫ በር አስቀድሞ ከፍቶ ነበር።

ስማቸው ሲገባ አያ የሻው አሁንም ከሳጥኑ ፊት ቆሞ ነበር። ልጁ አየው፣ ሳጥኑን አየ፣ ፊቱ ተለዋወጠ። ከዚያ ግን ቶሎ ተመለሰለት።

«አያ! ምነው ሳትነግረኝ መጣህ?»

«ታውቅ ነበር» አለ አያ የሻው።

«አልዋሸሁህም እኮ አያ። እናቲቱን አልኩህ፣ ውሰዱ አልኸኝ። የማልኩትም በሐሰት አይደለም፣ ወንድ የሆነ አውራ የለም።» ይህን ሲል ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው። «ደግሞ ሌላ ያሳድጋሉ ብለን ነው። ዶክተሩ ወደ ውጭ አገር ለትምህርት ሊልከኝ ነው። የደጋ ንብ ካላገኘ ሌላ አገር ሊሄድ ነበር፣ እኔስ? ብጠይቅህ እንቢ ትለኝ ነበር።»

«አንተ ጠይቀኸኝ እንቢ ያልሁህ ነገር ምን አለ?»

አያ የሻው ከአውራዎቹ የሚመለሱ እንዳሉ ጠየቀ። ስማቸውም አብዛኞቹ በአውሮፕላን ሄደዋል፣ ከዚህ ያለችው ለናሙና የቀረችው ናት አለው። ቢመለሱስ ወደየትኛው ቤት ይገባሉ? ቤቱ ተበትኗል።

«ስማ» አለ አያ የሻው፣ ቀስ ብሎ። «እኔ አውራ መስላኝ ጠበቅኋት። አንተ ግን እናት መሆኗን እያወቅህ ወሰድሃት።»

ዶክተሩ ከአንዱ ፊት ወደ አንዱ ፊት እያየ ምን እንዳለ ጠየቀ። ስማቸው አጠር ያለች ነገር በእንግሊዝኛ መለሰለት። የዶክተሩ ፊት በራ፣ ሳቀ፣ የአያ የሻውን እጅ እንደገና በሁለት እጁ ያዘና ነቀነቀው። ለአያ የሻው ነገሩ ያለቀለት ያን ጊዜ ነው። ልጁ እዚያው ፊቱ ቆሞም ሲተረጉም ቃሉን ለወጠበት።

ኮሶዬ ሲመለስ ለወለላ ሁሉንም ነገራት። እንቁላሏን ስትጥል ያየውንም ነገራት። ወለላ አላለቀሰችም። «ሴት ናት?» ብላ ብቻ ጠየቀች፣ ከዚያም የተበተኑትን ቀፎዎች ሰም አቅልጣ ለደብሩ አስረከበች። የመጨረሻው ሰም ነበር።

ግንቦት ላይ ስማቸው መጣ። ወደ ውጭ አገር ሊሄድ ነው፣ ሊሰናበት። ለአያ የሻው ጋቢ፣ ለወለላ ነጠላ ገዝቶ ይዟል። እንደ ልማዱ አልተጣራም፣ በሩን ገፋ አድርጎ ገባና ቀጥ ብሎ ወደ ጓዳ አመራ። ወለላን ጓዳው በር ላይ ቆማ አገኛት። ፈቀቅ አላለችለትም።

«ቤት ለእንግዳ!» አለችው።

ስማቸው ፈገግ አለ፣ ቀልድ መስሎት። «እቴቴ፣ ምን አለ?»

ወለላ ግን በክንዱ አጠገብ አልፋ መደቡ ላይ አጎዛ አነጠፈች፣ ያንኑ ለፈረንጁ የተነጠፈውን። «ይቀመጡ» አለችው። «ከሩቅ ነው የመጡት፣ ደክሞዎታል።»

ልጁ ቆመ። የያዘውን እሽግ ከአንዱ እጅ ወደ አንዱ እጅ አዛወረ። ወደ አያ የሻው ዞረ፤ አያ የሻው ግን ለእንግዳ እንደሚነሳው ከመቀመጫው ብድግ ብሎለት ነበር። ተቀመጠ። ወለላ ውኃ አምጥታ እጁን አስታጠበችው፣ ምግብ አቀረበችለት፣ «አፈር ስሆን፣ ይብሉ» እያለች ለመነችው። አንዳችም አላጎደለችም። እሱ ሁለት ጉርሻ ጎርሶ አቃተው።

ሊወጣ ሲል ጉልበታቸው ላይ ወድቆ «መርቁኝ» አለ። አያ የሻው በሁለት እጁ ደግፎ አነሳው፣ ማኪናዋ እስከቆመችበት ድረስም አብሮት ወጣ።

«መንገዱን ጨርቅ ያድርግልዎ» አለው፣ ያመጣለትን ጋቢም መለሰለት።